አያ ጫኔ ትውልድ ሲቆጥሩ

አያቴ የሞቱ ዕለት ለቅሶው መሀል ላይ ደርሶ ቆመ። እንባ አልቆ አይደለም፤ ትውልዳቸውን የሚቆጥር ሰው ጠፍቶ ነው።

በእኛ ደብር ሽማግሌ ሲሞት፣ ሬሳው ከደጁ ከመነሳቱ በፊት አንድ ዐዋቂ ብድግ ይልና የሟቹን ትውልድ ከዋናው አባት ጀምሮ እስከ ልጅ ልጆቹ ድረስ ጮክ ብሎ ይቆጥርለታል። የሞተ ሰው ስም ሲጠራ ለቀስተኛው ያለቅሳል። በሕይወት ያለ ሰው ስሙ ሲጠራ ደግሞ ከተቀመጠበት ተነስቶ «አለሁ!» ይላል። ሁሉም «አለሁ» ካለ በኋላ ሬሳው ይነሳል። ይህንን ለአገሩ ሁሉ ሲያደርጉ የኖሩት አያቴ ነበሩ። እሳቸው ሲሞቱ ጭቃ ሹሙ ቄሱን አየ፣ ቄሱ አጎቴን ደምሴን አዩ፣ አጎቴ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋ። ጉሙ ከጉና ተራራ በኩል እየወረደ ደጁን ሞላው፤ ከወዲያ ጥግ የተቀመጡት ሴቶች እንኳ አይታዩኝም ነበር። እኔ ከራስጌያቸው ቆሜ በሆዴ «አይ አባዬ፣ የራስዎን ቆጣሪ ሳያሰናዱ ይሄዳሉ?» አልኳቸው። በእሳቸው መቀለድ ልማዴ ነበር፤ በሬሳቸው ላይም አልተውኩም።

አገሩ «አያ ጫኔ» ይላቸው ነበር። እኛ የልጅ ልጆቻቸው «አባዬ» ነበር የምንላቸው። ረጅም፣ ከወገባቸው ጎንበስ ያሉ፣ ጥቁር የበግ ጠጉር ባናቸውን በጋም ክረምትም ከትከሻቸው የማያወርዱ ሰው ነበሩ። ሲቆጥሩ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ቀኝ እጃቸውን ይዘረጉና በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ አንድ በአንድ እየነኩ ይሄዳሉ። ዋናው አባት ናደው ያለው ከሌባ ጣታቸው ሥር ነው። እኔ ስንዱ ደግሞ ከትንሿ ጣት ጫፍ ላይ ነኝ። ልጅ ሆኜ ያቺን ጣታቸውን ይዤ ነበር እንቅልፍ የሚወስደኝ።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ያኔ በጋይንት መሬት የሚያዘው በትውልድ ነበር። ከዋናው አባት መወለድህን የሚቆጥርልህ ሰው ካለ ርስት አለህ፤ ከሌለ እዚያው ተወልደህ እዚያው ብትሸብትም ለምነህ ነው የምታርሰው። ስለዚህ ሰው ከእስቴም ከስማዳም እየተነሳ አያቴ ደጅ ይመጣል። ክርክር ያለበት ሰው ችኩል ነው፤ እሳቸው ግን አይቸኩሉም። «ቀስ በል፣ አባቶችህ የትም አይሄዱ» ይሉታል። አንዱ ማር ይዞ መጥቶ ነበር። «ማሩን ይዘህ ተመለስ ልጄ፤ አፌ ከጣፈጠ የጎረቤትህንም አያት ላንተ እቆጥርልሃለሁ» ብለው ሸኙት። ሰውየው እየሳቀ ሄደ። እኔ ግን ማሩን አጮልቄ አይቼው ስለነበር ቀኑን ሙሉ ቅር ብሎኝ ዋልኩ።

የእኛ አገር ጠዋት ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል። ፀሐይ እስክትጠነክር ከደጃችን መደብ ላይ ተቀምጠን እንሞቃለን። ያን ጊዜ «አባዬ፣ ይቁጠሩልኝ» እላቸዋለሁ።

«ናደው ላቀውን ወለደ፣ ላቀው ክንፉን ወለደ…» እያሉ ይጀምራሉ። ጣታቸው ከአንጓ ወደ አንጓ ያልፋል። «ገብሬ ጫኔን ወለደ፣ ጫኔ አድማሱንና ደምሴን ወለደ…» አድማሱ አባቴ ነው፤ ገና በልጅነቴ ሞቶብኛል። ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። ከዚያ «አድማሱ ስንዱን ወለደ» ይሉና አውራ ጣታቸው ትንሿ ጣት ጫፍ ላይ ያርፋል።

«አለሁ!» እላለሁ።

«ኑሪልኝ» ይላሉ።

ለእኔ ቀኑ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነበር።

አድጌ ተዳርኩ። ባል ቤት አልተመቸኝም። ስለ ባሌ ብዙ የምለው የለኝም፤ እሱም ስለኔ ብዙ የሚለው ያለው አይመስለኝም። ጓዜን ጠቅልዬ ስመለስ አጎቴ ደምሴ ፊቱን አጠቆረብኝ። አያቴ ግን ያንኑ ዕለት እጄን ይዘው ምንጭ አፋፍ ወደምንለው ማሳ ወሰዱኝ። «የአባትሽ ድርሻ ነው፤ እያሳረስሽ ብዪ» አሉኝ። ደህና ገብስ የሚሰጥ፣ ወደ ስማዳ የሚወስደው መንገድ በጥጉ የሚያልፍ ማሳ ነው። ያለዚያ ማሳ ወይ ወደ ባሌ መመለስ ነበረብኝ፣ ወይ የሰው ቤት እንጀራ መጠበቅ። ስለዚህ ያን መሬት እንደ ዓይኔ ብሌን ነበር የማየው።

ማሳው አንድ ነገር ነበረው። ከመንገዱ ዳር ያለችውን ጠባብ ቁራጭ አያቴ ሁልጊዜ ለብቻዋ ነበር የሚዘሯት፣ ለብቻዋ የሚያሳጭዷት፣ ለብቻዋ የሚያስወቋት። እህሏ ጎተራ አይገባም። ከቤተ ልሔም ደብር ለሚመጡ የቆሎ ተማሪዎች፣ ለአላፊ አግዳሚው ይታደላል።

«ይቺ የማን ናት አባዬ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«የመንገደኛ ናት።»

«የየትኛው መንገደኛ?»

«የሚመጣው ነዋ።»

የሽማግሌ አመል ነው ብዬ ተውኩት። ማሳውን ከያዝኩ በኋላም እንደ እሳቸው ለብቻዋ እያዘራሁ ቀጠልኩ። ገብቶኝ አይደለም፤ ስለምወዳቸው ነው።

መርሳቱ የጀመራቸው በሰው ጉዳይ ላይ ነው። ከእስቴ የመጡ ሰዎች ፊት ሲቆጥሩ የአንዱን አባት ዘለው ከአያቱ ወደ ልጁ አለፉ። ሰውየው «አያ ጫኔ፣ አባቴስ?» ሲል ሁሉም ሳቀ። እሳቸውም ሳቁ። እኔ ብቻ አልሳቅሁም፣ ምክንያቱም አውራ ጣታቸው ባዶ አንጓ ላይ ቆሞ ሲቀር አይቻለሁ። ከዚያ ወዲያ ሰው መምጣቱን እየቀነሰ ሄደ። «አያ ጫኔ ጃጁ» ተባለ። ቃሉን እጠላው ነበር። እሳቸው የጃጁ ሰው አይመስሉም፤ ከእኛ ርቆ ባለ አገር የሚኖሩ፣ አልፎ አልፎ ብቻ ብቅ የሚሉ ሰው ነበር የሚመስሉት።

ጠዋት ጠዋት ማስቆጠሬን ግን አልተውኩም። ከቆጠራቸው መጀመሪያ የወደቁት ሕፃናቱ፣ የደምሴ ልጆች ልጆች ናቸው። እነሱን ማንም ልብ አላለም። ከፍልሰታ በኋላ አንድ ማለዳ ግን «ጫኔ አድማሱንና ደምሴን ወለደ» አሉና ዓይናቸውን ገለጡ። ትንሿ ጣት ሳትነካ ቀረች።

«ከዚያስ አባዬ?» አልኩ።

«ከዚያማ አበቃ።»

«አድማሱስ ማንን ወለደ?»

«አድማሱ?» ብለው ሳቁ። «አድማሱ ገና ጥጃ ጠባቂ ነው፤ ምን ይወልዳል?»

እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞሬ፣ ከጌሾው መሀል ገብቼ አለቀስኩ። ሰው በቁሙ ከትውልዱ ሲወድቅ ምን እንደሚሰማው ያን ጊዜ አወቅሁ።

ከዚያ ወዲህ «አንቺ» ማለታቸውን ተዉ። የማያውቋትን ሴት በክብር መጥራት ልማዳቸው ነውና «እርስዎ» ይሉኝ ጀመር። ምግብ ሳቀርብላቸው «እንግዳ ሆነው ደግሞ እርስዎ ያስተናግዱኛል እንዴ? ይቅመሱ እንጂ» ይላሉ። የምጣዱን ሙቀት፣ የጥጃውን ጩኸት፣ የአልጋቸውን ጠፍር ሁሉ ያውቃሉ፤ እኔን ነው የማያውቁኝ። የባል ቤት ክፉ ቃል ያላስለቀሰኝን እኔን ያ የእሳቸው ደግነት አስለቀሰኝ።

ክረምቱ ሲወጣ ጉም መከተል ጀመሩ። ሌላ ቃል የለኝም። ጉም ከገደሉ ሲወጣ በትራቸውን ይዘው ወደ ውስጡ ይገባሉ። አንድ ጠዋት ከመደቡ ላይ አጣኋቸውና እየተጣራሁ ወጣሁ። ማሳዎቹ ሁሉ ነጭ ሆነዋል፤ የራሴ ድምፅ ራሱ ከጎኔ ነው የሚመለስልኝ። ምንጭ አፋፍ ስደርስ ከመንገደኛዋ ቁራጭ ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ከፊታቸው ሣሩ ላይ በሶ በጥብጠው በቅል አስቀምጠዋል። ባናቸው በጤዛ ርሷል፣ ፊታቸው ግን የልጅ ፊት ነው።

«ማንን ነው የሚጠብቁት አባዬ?»

«ዝም ይበሉ» አሉኝ በሹክሹክታ። «ሰው ከጉም ሲወጣ መጀመሪያ የሚታየው እግሩ ነው። እግሯን ካየን እሷ ናት።»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከአንድ ቦታ ውኃ ይንጠባጠባል፣ ከሌላ ቦታ የማይታይ ላም ታመነዥካለች። ጉሙ ይሳሳል፣ መንገዱ ትንሽ ይታያል፣ መልሶ ይዋጣል። እኔም ቀስ በቀስ እግር መጠበቅ ጀመርኩ፤ የማንን እግር እንደሆነ ሳላውቅ። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደዚያ ጠዋት ደስ ብሎኝ የተቀመጥኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ጉሙ ሲገለጥ መንገዱ ባዶ ነበር። ያን ጊዜ ሳልጠይቃቸው እጃቸውን ዘርግተው መቁጠር ጀመሩ። ከናደው ተነስተው ወረዱ፣ ወረዱና «ገብሬ ጫኔንና የሺን ወለደ» ብለው አቆሙ። አባቴም አጎቴም አልነበሩም። በእነሱ ምትክ ከጫኔ ጎን ሰምቼው የማላውቅ ስም መጣ።

«የሺ ማናት?»

«እህቴ ናታ። ይቺም የእሷ ናት» ብለው ቁራጯን መሬት በበትራቸው ጫፍ ነኩ።

ማታ ለአጎቴ ነገርኩት። «እህት የላቸውም» አለ ገብሱን እየቆረጠመ። «በልጅነቴም ሰምቼ አላውቅ። በእርጅናቸው ደግሞ እህት ወለዱ?» ተሳሳቅን። ጎረቤቶቻችንን ብጠይቅም የሚያውቅ ጠፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ቆጠራቸው ሁልጊዜ እዚያው ነበር የሚያልቀው፤ ጫኔና የሺ፣ ከዚያ በኋላ ባዶ ጣት።

መስቀል አልፎ ወንዞቹ ሲጎድሉ አንዲት ሴት መጣች። ከምንጩ ውኃ ስቀዳ ከታች በስማዳ መንገድ ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ስትወጣ አየኋት። የአጎቴ እኩያ ትሆናለች። ውኃ ለመነችኝና ጠጣች።

«ስምሽ ማነው ልጄ?»

«ስንዱ።»

«የማን ልጅ?»

«የአድማሱ።»

«የአድማሱ ጫኔ?»

«አዎ፣ ምነው?»

ቅሉን መለሰችልኝና ቀኝ እጇን ዘረጋች። በአውራ ጣቷ አንጓዎቿን እየነካች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወረደችና ከትንሿ ጣቷ ጫፍ ላይ አረፈች። እንስራዬ ሞልቶ ሲፈስ እንኳ አላወቅሁትም።

«አጸደ እባላለሁ» አለችኝ። «የየሺ ገብሬ ልጅ ነኝ፤ ስማዳ፣ ከወገዳ ማዶ ነው አገሬ። እናቴ ትውልዱን በጣቴ አስቆጥራኝ ሞታለች። እኔ ርስቴን ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ አንቺን አልዋሽሽም።»

ልቤ ሁለት ቦታ ተከፈለ። የሺ አለች፣ አባዬ አልቃዡም! ይሄ አንዱ ነው። ሌላው ደግሞ እግሬ የቆመበት መሬት ነበር።

ቤት ይዣት ገባሁ። አያቴ ከመደቡ ላይ ሆነው ሲያዩዋት በትራቸው ከእጃቸው ወደቀ። «የሺ!» አሉ። «አንቺ የሺ! የት ነው እንዲህ የቆየሽው?»

እትዬ አጸደ አፏን ከፈተች። እናቴ ናት የሺ፣ እኔ ልጇ ነኝ ልትል እንደነበር ከፊቷ አነበብኩ። እሳቸው እያለቀሱ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ሄዳ ጉልበታቸውን ሳመችና «መንገዱ ራቀብኝ» አለች።

አጎቴ ደምሴ ያንኑ ማታ ጠርቶኝ ከከብቶቹ በረት አጠገብ አቆመኝ። «ጭቃ ሹሙ ፊት መቅረባችን አይቀርም» አለ። «ምስክሯ አባቴ ብቻ ናቸው፤ ሌላ የላትም። የሚጦሯቸው አንቺ ነሽና አንቺን ነው የሚጠይቁት። ሰውየው አእምሮ የላቸውም፣ ያዩትንና ያላዩትን አይለዩም በይ። ውሸት አይደለም፤ አገር ያወቀው ነው።»

«ውሸት አይደለም» አልኩ።

«እንግዲያው? ምንጭ አፋፍን ነው የምትወስደው፤ የእኔን እንዳይመስልሽ። ከዚያ አንቺ የት ትገቢያለሽ? ወደ ባልሽ?» ክፉ ሰው ሆኖ አልነበረም። የሚለው ሁሉ እውነት ስለነበር ነው ሌሊቱ የረዘመብኝ።

ጉባኤው የተቀመጠው ከቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ሥር ነው። ጭቃ ሹሙ፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባታችን አባ ኪሮስም ነበሩ። አባ ኪሮስ በጣም ያረጁ መነኩሴ ናቸው፤ ጉባኤ ላይ ተቀምጠው ሲያንቀላፉ እንጂ ሲናገሩ ሰምተን አናውቅም። አያቴን ደግፌ አምጥቼ አስቀመጥኳቸው። «አያ ጫኔ፣ እስቲ ትውልድዎን ይቁጠሩልን» አላቸው ጭቃ ሹሙ።

ዓይናቸውን ጨፈኑ። እጃቸውን ሲዘረጉ የድሮው ድምፃቸው ተመለሰ፤ ሰው ሁሉ ሳያውቀው ቀና አለ። አንድም ስም ሳይስቱ ከናደው ወረዱና «ገብሬ ጫኔንና የሺን ወለደ» አሉ። ከዚያ ራሳቸው «አለሁ!» ብለው ወደ እትዬ አጸደ ዞረው ጠበቁ።

ፊቷ ተለዋወጠ። ቤት ውስጥ ያለችውን እዚህ ልትደግመው እንደማትችል ገባኝ። ተነሳችና «ልጇ አለሁ» አለች።

«ከዚያስ አያ ጫኔ?» አለ ጭቃ ሹሙ።

«ከዚያማ እኛ ነና። ምን ያስቸኩልሃል? አባቶችህ የትም አይሄዱ።»

ሳቅ ሆነ። አጎቴ ደምሴ ግን ነጠላውን አደግድጎ ተነሳ። «ይሰማልኝ!» አለ። «እኔ የወለዱኝ ልጃቸው ፊታቸው ቆሜ አልቆጠሩኝም። የሞተ ወንድሜንም አልቆጠሩትም። ያለን ልጅ ዘለው ማንም የማያውቃትን እህት የሚቆጥሩ ሰው እንዴት ምስክር ይሆናሉ?» ነገሩ ለሰሚው ልክ ነበር። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጭቃ ሹሙ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ነሽ የምትጦሪያቸው። በንጉሥ አምላክ ብዬሻለሁ፣ እውነቱን ተናገሪ። የአያትሽ ቃል ይታመናል ወይስ አይታመንም?»

ተነሳሁ። ከጽዱ በላይ ምንጭ አፋፍ ይታየኛል፤ ገብሱ ሊደርስ ጥቂት ነው የቀረው። አያቴ ቀና ብለው አዩኝና «እመቤቴ፣ ፀሐይ ላይ ቆሙ እኮ» አሉኝ። «ጥላ አለ፣ ይቀመጡ። የማን ልጅ ነዎት?»

የማን ልጅ እንደሆንኩ ብነግራቸው ደስ ባለኝ። መልሴን ግን ለጭቃ ሹሙ ሰጠሁ።

«ይረሳሉ» አልኩ። «እኔን ረስተውኛል፤ አሁን ሰማችሁ። ግን ጠዋት ጠዋት የማስቆጥራቸው እኔ ነኝ። ስም ከቆጠራቸው ሲወድቅ አንድ በአንድ አይቻለሁ፤ ሕፃናቱ ወደቁ፣ እኔ ወደቅሁ፣ አባቴ ወደቀ፣ አጎቴ ወደቀ። የሌለ ስም ሲጨምሩ ግን አንድም ቀን አልሰማሁም። ይጎድልባቸዋል እንጂ አይጨምሩም። የሺ የምትባል ሰው ከሌለች ከየት አመጧት?»

አጎቴ ፊቱን አዞረብኝ። ያን ጊዜ አባ ኪሮስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሱ።

«የሺ ነበረች» አሉ። «ልጅቷ ይህን ካለች በኋላ እኔ ዝም ልል አይሆንልኝም። የዚያን ጊዜ ዲያቆን ነበርኩ። የሺ አባቷ ሳይወድ ከአንድ የስማዳ ሰው ጋር ሄደች። ገብሬ ተቆጣና ደጀ ሰላሙ ላይ ቆሞ አስገዘተ፤ ስሟን ከልጆቼ ጋር የሚቆጥር ውግዝ ይሁን አለ። መስቀሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። የሰማነው ሁሉ በዚያ ግዝት ታስረን ኖርን፤ ጫኔም ታስሮ ኖረ። ሌሎቹ አልቀዋል።» ወደ አያቴ ዞሩ። «ጫኔ ግዝቱን ጣሰ አልልም። ጫኔ ግዝቱን ረሳው። እህቱን ግን አልረሳም።»

መስቀላቸውን አወጡና ሁላችንም እንድንነሳ አዘዙ። እግዚአብሔር ይፍታ ብለው ግዝቱን ፈቱ። አያቴ ለምን እንደተነሳን ባያውቁም ከሁሉ ቀድመው ጎንበስ ብለው መስቀሉን ተሳለሙ።

እኔ የመንገደኛዋን ቁራጭ እያየሁ ነበር የማለቅሰው። ዕድሜ ልካቸውን በአፋቸው ሊቆጥሯት ያልቻሉትን በእርሻ ነበር ለካ የሚቆጥሯት! እንዲያ ትውልድ የሚያውቅ ሰው የገዛ እህቱን ስም ውጦ መኖሩ ምን ያህል ከብዶት ኖሯል! መርሳት ሁሉን ሲወስድባቸው ያንን ሸክም አብሮ ወሰደላቸው።

የምንጭ አፋፍ እኩሌታ ለእትዬ አጸደ ተፈረደ። ያን ዓመት ገብስ አነሰኝ፤ አልዋሽም። አጎቴም እስከ ሁዳዴ አላናገረኝም። እትዬ አጸደ አገሯ ስማዳ ኖረች፤ ለዘርና ለአጨዳ እየመጣች እኛ ዘንድ ታርፋለች። በመጣች ቁጥር አያቴ «የሺ፣ የት ቆየሽ?» ይሏታል፣ እሷም «መንገዱ ራቀብኝ» ትላቸዋለች። ስትሄድ ደግሞ ከመንገዱ ዳር ተቀምጠው ጉሙን ይጠብቃሉ። እኔን እስከሞቱ ድረስ በስሜ አልጠሩኝም። ጠዋት ጠዋት ስቀመጥ ጥላቸው እንዳያርፍብኝ ፈቀቅ ይሉልኛል፣ ባናቸውን ይዘረጉልኛል፤ ግን ትንሿ ጣታቸው ባዶ እንደሆነች ኖረች። ለምጄዋለሁ እል ነበር፤ አልለመድኩትም።

እንግዲህ የሞቱት በሌላ ዓመት ጥቅምት፣ ገብሱ ለአጨዳ ሲደርስ ነው። እንዳልኳችሁ ለቅሶው መሀል ላይ ቆመ። ጭቃ ሹሙ «ምን ይሁን፣ ሳይቆጠር ይነሳ» አለ። ሊሸከሙ የተዘጋጁት ወንዶች ነጠላቸውን አጠበቁ። እኔ ልቆጥር አፌን ከፈትኩ። ግን በእኛ አገር ሬሳ ፊት ሰው ራሱን አይቆጥርም፤ ሌላ ሰው ነው የሚቆጥረው። ዘጋሁት።

ያን ጊዜ ከጉሙ ውስጥ፣ ከስማዳ መንገድ በኩል፣ እግር አየሁ። አቧራ የለበሰ፣ የደከመው የሴት እግር። ከዚያ የቀሚስ ጫፍ፣ ከዚያ ጥቁር ጃንጥላ። እትዬ አጸደ ናት። ለአጨዳ መምጣቷ ነበር፤ መሞታቸውን አላወቀችም። ሬሳውን ስታይ ጃንጥላዋን መሬት ጣለችና ቆመች። የሚቆጥር ሰው መጥፋቱን ከለቅሶው መቆም የተረዳችው ይመስለኛል።

ወደ ራስጌያቸው መጥታ ከጎኔ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነች። እጇን ዘረጋችና አውራ ጣቷን ከሌባ ጣቷ ሥር አሳረፈች።

«ናደው ላቀውን ወለደ» አለች።

ለቅሶው እንደገና ተነሳ። ወረደች፣ ወረደች፣ አንድም አልሳተች። «ገብሬ ጫኔንና የሺን ወለደ» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፣ ግን አላቆመችም። «ጫኔ አድማሱንና ደምሴን ወለደ።» አጎቴ ደምሴ ከመሬት ተነስቶ «አለሁ!» ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልጆቹም በየተራ ሲጠሩ «አለሁ» አሉ። እሷ ጣቷን አሻገረች።

«አድማሱ ስንዱን ወለደ።»

አውራ ጣቷ ትንሿ ጣቷ ጫፍ ላይ አረፈ። «አለሁ» አልኩ። ድምፄ ግን አልወጣም ነበር፤ ማንም አልሰማኝም። እትዬ አጸደ ዓይኗን ሳትገልጥ፣ ጣቷን ሳታነሳ ጠበቀችኝ። አያቴ ሰውን እንደሚጠብቁት ነበር የጠበቀችኝ፣ ምንም ሳትቸኩል። ትንፋሼን ሰበሰብኩና ደግሜ፣ ደጁን የሞላው ሰው ሁሉ እስኪዞር ድረስ፣ «አለሁ!» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ነው ሬሳው የተነሳው።